በደብረ ብርሃን ስላለ አንድ የግል ክሊኒክ የምርመራ አገልግሎት

ከሸዋ ሮቢት በኩል በትኩሳት ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚታዘዝለት የወባ፣ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ነው፤ ለአገሩ ተገቢ ቢሆንም ምርመራው እዚያው ላይ ሲቆም አደገኛ ነው። የዚህን ክሊኒክ ብልጫ ያየሁት በዚህ ረገድ ነው።

የአክስቴ ልጅ ክንዷን የጋለ ዘይት አቃጥሏት በፋሻ ታስሮ ሳለ ድንገት ትኩሳት፣ ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። በመጀመሪያ የታየችበት ተቋም ዊዳል በተባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ብቻ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት። የዚህኛው ክሊኒክ ጤና መኮንን ግን የቀድሞውን ውጤት ወደ ጎን ትተው ግፊቷን ለኩ፤ የላይኛው 80፣ ትኩሳቷም 39.5 ሆኖ ተገኘ። ቀጥለው ፋሻውን ፈቱ። ቁስሉ መግል ስላልነበረው እየዳነ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ቁስሉ ሳያመረቅዝም መርዙን ወደ ደም ሊያሰራጭ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዱን። ይህ መርዝ የሚያመጣው ሽፍታ በጠይም ቆዳ ላይ እምብዛም ስለማይጎላ የቀላውን መዳፏን በጣታቸው ተጭነው ሲነጣ አሳዩን፤ የዓይኗንና የምላሷንም ቅላት ተመለከቱ።

የጠረጠሩት ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮምን፣ ማለትም የባክቴሪያ መርዝ በደም ተሰራጭቶ ግፊትን የሚያወርድበትን አደገኛ ሕመም ነበር። ሕመሙ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ከታምፖን (በወር አበባ ጊዜ ወደ ውስጥ ከሚገባ ደም መጣጭ) ጋር ተያይዞ ስለገነነ ብዙዎች የሴቶች ብቻ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚህ ስም መጀመሪያ የተገለጸው በልጆች ላይ ነው። በአንድ የላቦራቶሪ ውጤት የሚረጋገጥ አይደለም፤ 38.9 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ ከ90 ያልበለጠ የላይኛው ግፊት፣ እንዲሁም እንደ ሆድ፣ ጡንቻ፣ ኩላሊትና ጉበት ካሉት ቢያንስ የ3ቱ መታወክ በአንድነት ታይተው፣ የሚመሳሰሉት በሽታዎች ሲወገዱ ነው የሚለየው። ስታፊሎኮከስ በሚያመጣው ዓይነት የደም ካልቸር (ባክቴሪያን ከደም አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ አያሳይም፤ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ የሚላጠውም ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ያንን እጠብቃለሁ የሚል ሐኪም ሕመምተኛውን ሊያጣ ይችላል። ጤና መኮንኑም ሳይጠብቁ ፈሳሽ በደም ሥር አስጀምረው፣ ቁስሉን አሳጥበው፣ ጥርጣሬያቸውንና ግፊቱ የተለካበትን ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ጽፈው ወደ ሆስፒታል ላኳት።

ጉድለትም አለው። ካርድ ክፍሉ አቅሉን የሳተ ሰው ቀርቦም ተራ ያስጠብቃል፤ ላቦራቶሪውም የኩላሊትና የጉበት ምርመራ አይሠራም። ክፍያው ከአካባቢው ከፍ ይላል፤ ለምርመራው ጥራት ግን አልበዛብኝም። ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ከወር አበባ፣ ከወሊድ ወይም ከቁስል በኋላ የመጣ ትኩሳት ከሆነ ገና ካርድ ስታወጡ ተናገሩ፤ ካርድ ክፍሉ በራሱ አይጠይቃችሁም።