ለአባዬ ኖቫ ነፍስ ለዘሩባት መካኒክ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እንዲህ ያለ ጽሁፍ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍም አይወስደኝ።

አባዬ ሲያልፍ ለእኔ የደረሰኝ መኪናው ነው። የ1972 ሞዴል ሼቭሮሌት ኖቫ፣ አውቶማቲክ፣ ማርሽ መቀየሪያዋ ከመሪው ሥር የሚወጣ። ሞተሯ ሲሞት ከ2004 ፒካፕ የወረደ ባለ 5.3 ሊትር ቪ 8 ገዛሁላት። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ካምቢዮውንም አብረሽ ቀይሪ፣ ሞተሩ የራሱ ባለ 4 ማርሽ ኤሌክትሮኒክ ካምቢዮ አለው፣ ከጣጣ ትገላገያለሽ» አለኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይሄኛው ቀላሉ መንገድ ነበር። እኔ ግን አባዬ ያችን ዘንግ በሁለት ጣቱ ወደ ታች ሲያወርድ እያየሁ ነው ያደግኩት። ካምቢዮውን ባለሙያዎቹ ቱርቦ ሃይድራማቲክ 350 ይሉታል፣ ባለ 3 ማርሽ። እሱ ከወጣማ መኪናዋ የአባዬ መሆኗ ምኑ ላይ ነው?

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ነገሩን አቅልሎ ነገረኝ። «የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፣ ቡሎናቸው ይገጥማል» አሉኝ። ቡሎኑስ ገጠመ፣ ከአንዷ በቀር። ያልገጠመው ሌላ ነገር እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። የአዲሱ ሞተር ዘንግ ጫፍ ከድሮው በ10 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ መሃል ላይ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት መግባት ነበረበት። እነሱ ቀለበት የሚባል ነገር ሳያስገቡ በቡሎን እየሳቡ አጣበቁት። ወር እንኳን ሳልነዳት የካምቢዮው ፓምፕ ተሰበረ። ተመልሼ ስሄድ «ድሮም ያረጀ ካምቢዮ ነው፣ ነግረንሽ ነበር» አሉኝ። አልነገሩኝም! ብነግራችሁ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው ጋራዥ አራት ወር አስቀመጣት። ስደውል «ነገ»፣ በነገው ስደውል «ሰኞ»። በስንት ልመና ስትወጣ ማርሽ በቀየረች ቁጥር እንደ በቅሎ ትራገጣለች፣ ከኋላዋ ነጭ ጭስ ይግተለተላል። የካምቢዮ ዘይት በየሳምንቱ ይጎድላል፣ ከሥሯ ግን አንዲት ጠብታ የለም። ፍርዳቸው ምን ነበር መሰላችሁ? «ሞተሩ አልቋል፣ ፒስተን ነው፣ ሌላ ግዢ።» ያን ቀን መሪውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ልሸጣት ሁሉ አስቤ ነበር።

ጋሼን ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ስለለመኑኝ «ጋሼ» ብቻ እላለሁ። ስደርስ ሞተሩን አስነሺ እንኳን አላሉኝም። የሆነውን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙኝ፣ ከዚያ «ዘይቱ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን የለም። ታዲያ ማን ይጠጣዋል?» ብለው ሳቅ አሉና መኪናዋን አንስተው ከሥሯ ገቡ። እኔም ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ካምቢዮው ላይ የሻይ ሲኒ አፍ የምታክል ክብ ቆርቆሮ አለች፤ ከእሷ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለ። ቱቦውን ነቀሉት። ጫፉን ዘቅዝቀው ያዙት። ቀይ ዘይት ጣታቸው ላይ ጠብ አለ። አሸተቱት፣ ለእኔም አሳዩኝ።

«ይኸው ሌባው» አሉ። «እዚህ ውስጥ አየር ብቻ ነው መኖር ያለበት።»

እንደገባኝ ከሆነ ሞተሩ ጭነት እንደበዛበት ወይም እንደቀለለው ካምቢዮው የሚያውቀው በዚያ ቱቦ በሚሳበው አየር ነው። የቆርቆሮዋ የውስጥ ስስ ጎማ ተቀዷል። ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት በቱቦው እየማገ ያቃጥላል፣ ጭሱም እሱ ነው፤ ካምቢዮው ደግሞ መልእክቱ ሲዛባበት ይራገጣል። በቃ! ሙሉ ሞተር ሊያስገዙኝ የነበረው ለዚህች ነው። ያለቀስኩት አንሶኝ እዚያም አለቀስኩ፣ በዚህኛው ግን እየሳቅኩ።

ቆርቆሮዋን ቀይረው ሊሰዱኝ ይችሉ ነበር። «የመጀመሪያዎቹ ያበላሹትን ሁለተኛዎቹ አስተካክለውት እንደሆነ ሳላይ አልሰድሽም» አሉ። አላስተካከሉትም፤ ቀለበቱ አሁንም አልነበረም፣ ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ክብ ሳህን፣ ስሱ ቮላኖም ጎብጧል። ካምቢዮውን አውርደው ሁሉንም አሟልተው ሲገጥሙ ጠርተው አሳዩኝ። ያን የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው የሚያቀብል ከባድ ክብ ነገር፣ ኮንቨርተር የሚሉትን፣ እያዞሩ ወደ ውስጥ ይገፉታል፤ ቋ ይላል፣ ይገባል፤ ደግሞ ቋ። «ጆሮሽን ስጪኝ፣ የመጨረሻዋን ካልሰማሽ ቡሎን እንዳታስነኪ» አሉኝ፣ እኔ ነገ ካምቢዮ የምገጥም ይመስል! ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ከታሰረ በኋላም ኮንቨርተሩ በእጅ ሲዞር እንደ ልቡ ይሽከረከራል። ያኔ ብቻ ነው ከቮላኖው ጋር ያሰሩት።

የነዳጅ ፔዳሉ ሽቦ ነገርም ነበር፣ የኮምፒውተሩም ነገር ነበር (የሌለ ካምቢዮ ወሬ እየጠበቀ መብራት ያበራ ነበር አሉ፣ ረዳታቸው «አትጠብቅ» አለው)። እሱን አልገባኝም፣ አልዋሽም። እንደተሠራ ግን አውቃለሁ።

ከሁሉ ልቤን የነካው ሌላ ነው። ሥራው ባልሄደበት ቀን ሳይቀር ማታ ማታ ይደውሉልኝ ነበር። «ልጄ፣ ዛሬ ምንም አልሠራሁም፣ ዕቃ እየጠበቅኩ ነው፣ እንዳትጠብቂኝ ብዬ ነው።» አራት ወር «ነገ» ሲባል ለከረመ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

የሙከራው ቀን እኔን አስነድተው እሳቸው ጎኔ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከ1ኛ ወደ 2ኛ ስትቀይር እኔ ምንም አልተሰማኝም። «ቀየረች» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት። የድሮ መኪና ይዛችሁ «ጣለው» እየተባላችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከመጣላችሁ በፊት እሳቸው ይዩላችሁ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ይዩላችሁ! በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ መኪና ሥር ከሆኑ ስልክ አያነሱም። ማታ ራሳቸው መልሰው ይደውላሉ።