የማሞቂያችንን አየር በስሌት ላቃናልን መሐንዲስ ምስጋና

ሱሉልታ ላይ ለጫጩት ቤቶች የሙቅ አየር ማሞቂያ የምንሠራ ሰዎች ነን። ይህ ምስጋና የአየሩን ፍሰት በሲሙሌሽን፣ ማለትም ማሞቂያው ሳይሠራ በኮምፒውተር ላይ በሚደረግ ሙከራ፣ አስልቶ ንድፋችንን ላስተካከለልን ወጣት መካኒካል መሐንዲስ ነው። እጁ ይባረክ!

ሥዕሉን ሳያይ በፊት የጠየቀው የቦታውን ከፍታ ነው። ከ2500 ሜትር በላይ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር የሚመዝነው 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 1.2 ይሆናል። የፋን ካታሎግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለባሕር ጠለል ነው። 20 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚቀበል አየር ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር እዚያ በሰዓት 2000 ሜትር ኪዩብ ይበቃል፣ እዚህ ወደ 2650 ያስፈልጋል። በ2000ው ፋን ከተሠራ ጭማሪው 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አየሩን የሚያሞቁት የእሳቱ ቱቦዎችም ከሚገባው በላይ ይግላሉ።

ከፋኑ ቱቦዎቹ ወዳሉበት የማሞቂያው ሳጥን አየር የሚያስገባው ዳክት (የላሜራ የአየር መተላለፊያ) በ90 ዲግሪ በድንገት ሲታጠፍ አየሩ ወደ ውጨኛው ግድግዳ ይወረወራል፤ በውስጠኛው ጥግ ያሉት ቱቦዎች ንፋስ ያጣሉ። ሲሙሌሽኑ ይህን ላሜራ ሳይቆረጥ አሳየ። መፍትሔውም ርካሽ ነው፦ መታጠፊያው ውስጥ ሦስት ጎበጥ ያሉ የላሜራ ክንፎች መበየድ።

ከሁሉ በላይ ያከበርነው ባማረ ባለቀለም ሥዕል አለመሸንገሉን ነው። የሳጥኑን ውስጥ ለስሌቱ 400 ሺህ ህዋሶች በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ ያሰላውን ይበልጥ አድቅቆ በ800 ሺህ ደገመው፤ የመውጫው ሙቀት አለመለወጡን ካረጋገጠ በኋላ ነው ውጤቱን ያስረከበን። ማሞቂያው ሲያልቅም የንፋስ መለኪያና ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ) ይዞ መጥቶ መውጫውን 9 ቦታ ላይ ለካ። በአንዱ ጥግ ፍጥነቱ ከስሌቱ ዝቅ ሲልበት ፈትሾ፣ የመጥረጊያው በር ጎማ አየር እያሾለከ መሆኑን አገኘ።

ሙቅ አየር ጣሪያ ሥር ስለሚከማች መውጫውን ወደ ታች አዘነበለው፤ ያም ሆኖ በጫጩቶቹ ቁመት ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.3 ሜትር እንዳያልፍ አድርጎ ነው። ሙቀት ለመቆጠብ ቤቱን መድፈን አሞኒያና እርጥበት ያጠራቅማል፤ ስለዚህ የንጹህ አየር ማስገቢያውንም አብሮ አሰላ።

ሥራ ልትሰጡት ያሰባችሁ የፋኑን የፍሰትና የግፊት ኩርባ (ፋኑ በየግፊቱ ስንት አየር እንደሚገፋ የሚያሳይ ግራፍ)፣ የማቃጠያውን አቅም፣ የቤቱን ልክና የአካባቢያችሁን ዝቅተኛ የሌሊት ሙቀት አዘጋጁ። ኩርባው ከሌላችሁ ፋኑን ራሱን ውሰዱለት፣ ለክቶ ያወጣዋል። አድራሻውን ለጠየቀን ሁሉ በደስታ እንሰጣለን።