የሮበር ደብሬ ሆስፒታል፣ ፓሪስ፦ ለሐኪሙ ስም የሚመጥን አገልግሎት

በፓሪስ 19ኛው ወረዳ፣ ከከተማዋ የቀለበት መንገድ አጠገብ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1988 የተከፈተው የሮበር ደብሬ ሆስፒታል፣ ለሕፃናትና ለእናቶች ታስበው ከተሠሩ ሆስፒታሎች መካከል እጅግ የማደንቀው ነው። አርክቴክቱ ፒየር ሪቡሌ ሕንፃውን ቅስት አስይዘው፣ የመሬቱን ቁልቁለት ተከትለው በእርከን ስለሠሩት፣ የመንገዱ ጫጫታ ከጀርባ ሲቀር ከፊት አትክልት ይታያል። ብርሃን የሚገባበት ሰፊ መተላለፊያም ሕንፃውን እንደ መንደር መንገድ ያቋርጠዋል፤ ለፈራ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆስፒታሉ ስማቸውን የያዘላቸው ፕሮፌሰር ደብሬ (1882–1978) በፈረንሳይዋ ሴዳን ከተማ ተወልደው፣ ፍልስፍና ከጀመሩ በኋላ ወደ ሕክምና የተሻገሩ፣ በናዚ ወረራ ዘመንም ከአርበኞች ጎን የተሰለፉ ሰው ነበሩ። በ1950 የድመት ጭረት በሽታን ለይተው ገልጸዋል። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ውርሳቸው የ1958ቱ የፈረንሳይ ሆስፒታሎች ማሻሻያ ነው፦ ቀድሞ አንጋፋ ሐኪሞች ጠዋት ሆስፒታል ውለው ከሰዓት በኋላ ወደ ግል ሥራቸው ይሄዱ የነበረውን ልማድ ቀይሮ፣ ሕክምናን፣ ማስተማርንና ምርምርን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በሙሉ ጊዜ ሐኪሞች እጅ አኖረ። ዛሬ እዚህ አንድ ልጅ ሲታከም፣ ሐኪሙ አስተማሪም ተመራማሪም ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የድንገተኛ ክፍሉ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፤ ቲ3ቢ የተባለው የከተማ ባቡር (ትራም) መስመርም በሆስፒታሉ ስም የተሰየመ ፌርማታ ስላለው መድረሱ አያስቸግርም።