የኮሪያ ዘማች ሜዳልያ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ጀርባውን ሳታዩ ብር እንዳትልኩ

ወገን፣ ተሸወድኩ። ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ነው የምጽፈው።

አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ሜዳልያቸው ቤት ስንቀያይር ጠፋ፣ እናቴን እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ለልደቷ ላስደስታት ብዬ ስፈልግ ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ አገኘሁ። ፎቶው ላይ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ነው፣ ጽሑፉ በአማርኛ፣ ጥርት ያለ። 18 ሺህ አለኝ፣ ተከራክሬ በ15 ሺህ ተስማማንና ብሩን ቀድሜ ላክሁ። (አውቃለሁ፣ አትስደቡኝ።)

የመጣልኝ ሌላ ዕቃ ነው። ላይኛው ብረት ላይ ኮሪያ የሚለው በእንግሊዝኛ ነው። የጀርባው ፊደል ውሃ ውስጥ የከረመ ሳሙና ይመስል ደብዝዟል፣ ጠርዙን በጥፍሬ ስዳስሰው ዙሪያውን ስፌት የመሰለ መስመር አለው፣ ቀለሙም ጣቴ ላይ ቀረ። ስደውልለት «ያው ነው እኮ፣ ሁሉም ኮሪያ ነው» አለኝ።

ያው አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ሜዳልያ የወሰነው ታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ነው፣ የእኛዎቹ በዘመቱበት ዓመት ማለት ነው። በየዘማቹ አገር ቋንቋ ስለተሠራ የአማርኛም አለው። የእንግሊዝኛው ግን እጅግ ብዙ ስለተሠራ ውጭ አገር በርካሽ ይገኛል፣ የአማርኛው ነው ብርቁ። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው፦ ፎቶው የብርቁ፣ የሚላከው የርካሹ፣ ያውም ቅጂው። እውነተኛው በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ስለሆነ ፊደሉ ስል ነው፣ ቀልጦ የፈሰሰ አይመስልም። ሪባኑንም ቁጠሩ። 17 መስመር መሆን አለበት፣ 9 ሰማያዊ፣ 8 ነጭ። የእኔው 11 ነው!

«የአንድ ኮሎኔል ልጅ ናቸው የሸጡልኝ» ብሎኝም ነበር። የምስክር ወረቀት አላቸው ወይ ስለው ዝም።

የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ፣ ዛሬ የተነሳ፣ አስልኩ። እምቢ ካለ ተዉት። አዲስ አበባ ያላችሁ በአካል ተገናኙ፣ የሚያውቅ አዛውንት ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ። ውጭ ያላችሁ፣ እውነተኛውን ብታገኙም ቅርስን ከአገር ለማውጣት በአዋጅ 209/1992 ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቦሌ ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሻጩ ትናንት ያንኑ ፎቶ መልሶ ለጥፎታል። ከጀርባው ያለችው ቢጫ ሶፋ ሳትቀር ያችው ናት። ዋጋው ብቻ 25 ሺህ ገብቷል።