ልጃችሁን ማገገሚያ ከማስገባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

105,000 ብር ከፍዬ ልጄን ብሶበት የተረከብኩ እናት ነኝ። ሌላ እናት እንዳትታለል ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። አምና ትምህርቱን ተወ፤ ሌሊት አይተኛም፣ ቀን በሩን ቆልፎ ይውላል። ጠበል ወሰድኩት፤ በዚያ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ቲክቶክ ላይ «በ3 ወር ሙሉ በሙሉ እናድናለን» የሚል የአንድ የግል ማገገሚያ ማስታወቂያ አየሁና ደወልኩ። «እናቴ፣ አንድ አልጋ ነው የቀረው፤ ዛሬ ካልከፈሉ ይያዛል» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ። በወር 35,000፣ የሦስቱም ወር በቅድሚያ። የዕቁብ ብሬን ወስጄ ከፈልኩ፤ ውሉንም ሳላነብ ፈረምኩ። «የተከፈለ ገንዘብ በማንኛውም ምክንያት አይመለስም» የሚለው ከፊርማዬ በላይ ተጽፎ ነበር።

ለ3 ሳምንት መጠየቅ ክልክል ነው ተባልኩ። በ22ኛው ቀን ሳየው አንገቱ ወደ ጎን ተጣሟል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። ሙዝ ሰጠሁት፤ መላጥ አቃተው፣ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። የሚያድረው በጫትና በመጠጥ ሱስ ከገቡ ትልልቅ ወንዶች ጋር ነው። የትኛው ሐኪም እንዳየው ብጠይቅ ስም የሚነግረኝ ጠፋ። የዚያኑ ዕለት ይዤው ወጣሁ።

አማኑኤል ሆስፒታል ሐኪሟ ከማገገሚያው ያመጣሁትን ወረቀት አየች፤ ሃሎፔሪዶል የሚባል የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲወጉት ነበር። አንገቱን ያጣመመው እሱ መሆኑን ነግራኝ ማስታገሻ ሰጠችው። ከልጄ ጋር ለብቻቸው ረጅም ሰዓት አወሩ። ሕመሙ ድባቴ ነው። ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድባቴ መድኃኒት አዘዘችለት፤ ለውጡ ሳምንታት እንደሚወስድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ሊመጣበት ስለሚችል ብቻውን እንዳልተወው አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። ተኝቶ መታከም እንኳ አላስፈለገውም፤ እየተመላለሰ ነው የሚታከመው።

እባካችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ልጁን የአእምሮ ሐኪም ይየው። አማኑኤልም፣ ጥቁር አንበሳም፣ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና አለ። ወረፋው ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። የግድ ማገገሚያ ከሆነ የሚያክመውን ሐኪም ስምና የሙያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ልጆች የሚያድሩበትን ክፍል ገብታችሁ እዩ፣ ከአንድ ወር በላይ በቅድሚያ አትክፈሉ። ልጃችሁን እንዳታዩ ከከለከሏችሁ አታስገቡት።

ደረሰኙንና ውሉን ይዤ አቤቱታ ላቀርብ ነው። እንደኔ ዓይነት ውል የፈረማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እንሂድ።