የ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መጠይቅና የአማርኛ መመሪያው፦ ግምገማ

ለ2030ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ዝግጅቱ ስለ ተጀመረ፣ «ማን ይቆጠር?» የሚለው ክርክርም እንደገና ስለ ተነሣ፣ የቆጠራ ቢሮው እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረበልንን መጠይቅና የአማርኛ መመሪያ እንደ ማንኛውም የሕዝብ አገልግሎት መመዘን ይገባል። መጠይቁ በእኔ ግምት ከፍተኛ ምስጋና የሚገባው ነው፤ የአማርኛው አገልግሎት ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

መጠይቁ አጭር ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ዘርና በቅጹ ላይ በመጀመሪያ ከተመዘገበው ሰው ጋር ያለውን ዝምድና ይጠይቃል እንጂ ስለ ዜግነት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድም ሆነ ስለ ገቢ የሚያነሣው ነገር የለም። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያየ የአባት ስም ይዘው ለሚኖሩበት ለእኛ ቤት የዝምድናው ጥያቄ በተለይ ጠቃሚ ነው። በኢንተርኔት፣ በስልክ ወይም በፖስታ መመለስ ይቻል ነበር፤ በደብዳቤ የተላከለት መለያ ቁጥር የጠፋበት ሰውም አድራሻውን አስገብቶ መሙላት አላቃተውም።

ከሁሉ በላይ የታሰበበት ሆኖ ያገኘሁት ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ኤፕሪል 1 ቀን በቤቱ ስንት ሰው ይኖር ወይም አርፎ እንደ ነበር ይጠይቃል። ሁለተኛው ደግሞ ሳይቆጠር የቀረ ሰው እንዳለ መልሶ ይጠይቃል፤ አራስ ሕፃናትን፣ የልጅ ልጆችን፣ የአክስትና የአጎት ልጆችን፣ አማቾችን፣ ቤት ተጋሪዎችን፣ አዳሪ ሞግዚቶችንና ለጊዜው የተጠጉ ሰዎችን እየለየ ያስታውሳል። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ለእኛ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ቤዝመንቱን የተከራየ ወጣት አለ፤ በዲቪ መጥታ ሥራ እስክትይዝ ሳሎን የምታድር የእህት ልጅ አለች፤ አባወራው ግን ቅጹን ሲሞላ ባለቤቱንና ልጆቹን ጽፎ ሊያበቃ ይችላል። ለጉብኝት ብቻ የመጣ እንግዳ አይቆጠርም፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሚያድርና የሚኖር ሰው ግን ወረቀት ኖረውም አልኖረውም ይቆጠራል።

በዘር ጥያቄው ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን የመረጠ ሰው የትውልድ ምንጩን የሚጽፍበት ቦታ ነበረው፤ በምሳሌነት ከተጠቀሱት መካከልም «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ይገኝበታል። በዚህ መንገድ ራሳቸውን ኢትዮጵያዊ ብለው የመዘገቡት ከ300 ሺህ በላይ ናቸው።

ወደ ቋንቋው ስንመጣ ኢንተርኔቱና የስልክ መስመሩ ከእንግሊዝኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች ያገለግሉ ነበር፤ አማርኛ ከእነዚህ አንዱ አልነበረም። አማርኛ የተገኘው መመሪያ ከተዘጋጀላቸው 59 ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። መመሪያው ጥያቄዎቹን ያስረዳል፤ መልሱን ግን በአማርኛ የሚቀበል ቅጽ አልነበረም። ስለዚህ እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ምን እንደ ተጠየቁ ቢረዱም፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚሞላላቸው ልጅ ወይም ጎረቤት ያስፈልጋቸዋል። አገር ቤት ቆጣሪው ራሱ ደጅ ድረስ መጥቶ እየጠየቀ ይመዘግባል፤ እሱም ቢሆን ለመጨረሻ ጊዜ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። እዚህ ግን ቆጣሪ የሚላከው መልስ ካልመጣ በኋላ ስለሆነ፣ ይህን አሠራር ለማያውቅ ሰው የስልክ መስመሩ በቋንቋው ቢሆን ኖሮ ከየትኛውም የታተመ መመሪያ የበለጠ ይረዳው ነበር።

አገልግሎቱን ከውጭ የጎዳው ክርክር ደግሞ ቀላል አልነበረም። መንግሥት የዜግነት ጥያቄ ለመጨመር ያደረገውን ሙከራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2019 አገደው፤ በጁላይ 2020 ደግሞ ፕሬዝዳንት ትራምፕ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ለየክፍለ ግዛቱ በሕዝብ ብዛት ከሚደለደልበት ቁጥር እንዲቀነሱ መመሪያ አወጡ። መመሪያው በሥራ ላይ ሳይውል በጃንዋሪ 2021 ተሻረ፤ ሐሳቡን ግን በኦገስት 2025 እንደገና አንሥተውታል። ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች የሚበዙበት ክፍለ ግዛት ተጨማሪ መቀመጫ ማግኘቱ ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ ሰዎች ስጋታቸው ሊደመጥ ይገባል። ነገር ግን 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚናገረው በየክፍለ ግዛቱ ስላሉት ሰዎች ጠቅላላ ቁጥር ነው። የትምህርት ቤት ወንበርና የክሊኒክ አልጋ የሚታቀደውም በአካባቢው ለሚኖረው ሰው ሁሉ ነው፤ ስለዚህ የሚኖር ሁሉ ይቆጠር በሚለው ጸንቼ እቆማለሁ።

የቆጠራ መልስ ለሌላ መሥሪያ ቤት እንዳይሰጥ ሕጉ ይከለክላል፤ ምስጢሩን ያወጣ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ይህን የማያውቅ ተከራይ ስሙን ለአከራዩ እንኳ ለመስጠት ቢፈራ አይፈረድበትም። ቢሮው ራሱ በኋላ ባደረገው ማጣሪያ ጥቁሮች በ3.3 በመቶ ገደማ ተጓድለው መቆጠራቸውን አረጋግጧል፤ ኒውዮርክ አንድ የምክር ቤት መቀመጫ ያጣችውም በ89 ሰው ልዩነት ነው።

ለ2030 የምጠይቀው ግልጽ ነው፦ አማርኛ ወደ ስልክ መስመሩና ወደ ኢንተርኔቱ ይግባ፤ የምስጢር ጥበቃው ሕግ በአማርኛው መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ ይታተም፤ ከየአብያተ ክርስቲያናቱና ከየመስጊዱ አማርኛ ተናጋሪ ቆጣሪዎች አስቀድመው ይቀጠሩ።