ተማሪዎች ለሸክላ ሠሪዎች በነፃ የሚሰጡት የንግድ ማማከር አገልግሎት፦ ከሐዋሳ የቀረበ ግምገማ

በሐዋሳ የአንድ ኮሌጅ የቢዝነስ ተማሪዎች ለአገር በቀል የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች በነፃ የሚሰጡት የማማከር አገልግሎት ባለሙያዋን ከሁሉ በላይ የሚጠቅማት በአንድ ነገር ነው፤ እርሱም የምትሸጠው ዕቃ ስንት እንደሚያስወጣት ከጎኗ ተቀምጦ ማስላቱ ነው። የቀረው፣ ማለትም ዓርማው፣ የፌስቡክ ገጹና ተጠርዞ የሚሰጣት የንግድ ዕቅድ ቢኖር አይጎዳትም፣ ባይኖርም አይቀርባትም። ይህን የምለው በበጎ ፈቃደኛ አማካሪነት ተመዝግቤ አንድ ሴሚስተር ከከተማው ወጣ ብለው ከሚኖሩ ሸክላ ሠሪ እናት ጋር ከሠራሁ በኋላ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይመደባሉ፣ አንድ መምህር ይከታተላቸዋል፣ ቡድኑ በየሳምንቱ ወደ ባለሙያዋ ቤት ይሄዳል፣ በሴሚስተሩ ማብቂያም ሪፖርት ያስገባል። ባለሙያዋ ምንም አትከፍልም፤ የባጃጅ ሒሳብ ግን ከተማሪው ኪስ ነው።

የተመደብንላቸው እናት በዋናነት ሻፌታ ይሠራሉ። ሻፌታ ከቆጮና ከቅቤ የሚዘጋጀው ቡርሳሜ የሚቀርብበት የሲዳማ የሸክላ ገበታ ሲሆን፣ ዛሬ በሐዋሳ የባህል ምግብ ቤቶችም በየጠረጴዛው ይታያል። ሙያው በሲዳማ ለረጅም ዘመን ሀዲቾ የሚባለው የማኅበረሰቡ ክፍል ሙያ ሆኖ የቆየ ነው። ሸክላው እየተሽከረከረ የሚቀረጽበት መንኮራኩር የሚባል ነገር የለውም። አፈሩ ተቆፍሮ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከተፈጨ ገል ጋር ተቦክቶ በእጅ ይቀረጻል፤ ከዚያም በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ በጥላ ሥር እንዲደርቅ ይተውና በመጨረሻ ሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር ይቃጠላል። እሳቱ በርዶ አመዱ ሲገለጥ የተሰነጠቀ ዕቃ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የአገልግሎቱ ጥቅም የተገለጠልኝም እዚህ ላይ ነው።

ወጪያቸውን ስንጠይቃቸው እማማ የቆጠሩልን የማገዶውን ዋጋ ብቻ ነበር። የተሰነጠቀው ዕቃ በሒሳባቸው ውስጥ አልነበረም፤ የእጃቸው ድካምማ ጭራሽ አልታሰበም። ስሌቱን ለማያውቅ አንባቢ በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ቃጠሎ 20 ሻፌታ ቢይዝና ለማገዶ፣ ለሣርና ለአፈር ማመላለሻ በድምሩ 1600 ብር ቢወጣ፣ የአንዱ ወጪ 80 ብር ይመስላል። ከእነዚህ 4ቱ ቢሰነጠቁ ግን ያው 1600 ብር የሚካፈለው ለ16 ነውና የአንዱ ወጪ 100 ብር ይሆናል። በ95 ብር የሸጠች ሴት በእያንዳንዱ 15 ብር ያተረፈች እየመሰላት 5 ብር ትከስራለች፤ ለዚያውም የጉልበቷ ዋጋ ገና ሳይገባበት።

ይህ በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት የሚታወቅ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው በምን መልኩ ይደርሳል የሚለው ነበር። ሁለት ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች ከደጃፉ አጠገብ አስቀመጥን፤ ከእሳት ደኅና ለወጣ ዕቃ በአንደኛው የበቆሎ ፍሬ፣ ለተሰነጠቀው በሁለተኛው ባቄላ እንዲጨመር ተስማማን። ጥቂት ቃጠሎዎች ካለፉ በኋላ ሁለቱን ቆርቆሮዎች ገልብጠን ስንቆጥር እማማ ባቄላውን በመዳፋቸው አገላብጠው ካዩ በኋላ «እንደሚሰበርማ አውቃለሁ ልጆቼ፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን ማን ነገረኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ምግብ ቤት በብዛት ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት እሳቸው ቀድመው ጠሩ፤ ሰውየው ተከራክሮ ጥቂት አስቀነሰ፣ ነገር ግን ከወጪያቸው በታች አላወረዳቸውም። አገልግሎቱ ሌላ ምንም ባይሠራ ይህ ብቻ የባጃጁን ሒሳብ ያካክሳል።

ኮሌጁ የሚሰጠው የንግድ ዕቅድ ቅጽ ግን ለዚህ ሙያ የተሰፋ አይደለም። ቅጹ ዓመቱን በ12 እኩል ወር ከፍሎ በየወሩ ተመሳሳይ ሽያጭ እንዲሞላ ይጠይቃል። የሸክላ ሠሪ ዓመት እንዲህ አይሄድም። በክረምት ዕቃው ቶሎ አይደርቅም፣ ማገዶው ይረጥባል፣ ሜዳ ላይ ማቃጠልም ዝናቡ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በአንጻሩ የሻፌታ ፈላጊ የሚበዛው በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል ፊቼ ጨምበላላ ሲቃረብ ነው፤ በዚያ በዓል ቡርሳሜ ያልቀረበበት ቤት አይታሰብምና። በዓሉ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቱ የሚባሉት የባህሉ ቀን ቆጣሪዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ስለሆነ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ስለዚህ ለእማማ የሚያስፈልጋቸው የነበረው ከበዓሉ በፊት ለማገዶና ለአፈር የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ ዕቁባቸውስ በዚያ ጊዜ እንዲደርሳቸው ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ነበር። ቅጹ ለዕቁብ የሚሆን ሣጥን እንኳ የለውም።

ስለ ማስተዋወቁ ሥራ ብዙ የምለው የለኝም። ገጹ ተከፈተ፣ ፎቶዎች ተለጠፉ፣ ከአዲስ አበባ ጠያቂዎችም ተገኙ፤ ይሁንና 275 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ የሚደርስ ሸክላ እንዴት እንደሚታሸግ ያሰበበት ሰው ስላልነበረ ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የሚከብደው የፎቶው ጉዳይ ነው። ሸክላ ሠሪዎች በአገራችን የደረሰባቸው ንቀት ገና ጨርሶ አልጠፋም፤ እማማ እጃቸው ቢነሣ ፈቃደኛ ነበሩ፣ ፊታቸው እንዲወጣ ግን አልፈለጉም። ቡድናችን ይህን አክብሯል። የማስታወቂያ መመሪያው ግን «የባለሙያዋን ፈገግታ አሳዩ» የሚል ነበር፤ ጻፊው ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከቀሩት ሥራዎች ሁለቱ ጠቅመዋል። አንደኛው በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በልጃቸው ስልክ ላይ መከፈቱ ሲሆን፣ ምግብ ቤቶቹ «ነገ ነይ» ማለቱን ቀንሰው ዕቃውን እንደተረከቡ መላክ ጀምረዋል። ሁለተኛው አዲስ ሸክላ ከመጠቀም በፊት እንዴት እንደሚሟሽ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ከዕቃው ጋር መላኩ ነው፤ ሳይሟሽ እሳት ላይ ተጥዶ የፈነዳ ድስት ሁልጊዜ በሠሪዋ ላይ ነበር የሚሳበበው።

ከአገልግሎቱ ጉድለቶች ትልቁ የቋንቋው ነገር ነው። የምዝገባ ቅጹ የኮምፒውተር ችሎታን ይጠይቃል፣ ሲዳምኛ መቻልን አይጠይቅም። እማማ አማርኛ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ስለ ገንዘብና ስለ ብድር ሲወራ ወደ ራሳቸው ቋንቋ ይመለሳሉ፣ ያን ጊዜ ከእኛ ውስጥ የሚከተላቸው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እርሱ ያልመጣ ዕለት ሁላችንም ቡና ጠጥተን ተመለስን ማለት ይቻላል። ሌላው ጉድለት ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ማለቁ ነው። ሪፖርቱ ለውጤት ተይዞ መምህሩ ዘንድ ይቀራል፤ የሚመጣው ቡድን አያየውም። እማማ በመጀመሪያው ቀን «ባለፈውም ልጆች መጥተው ይህንኑ ጠይቀውኛል» ያሉን በቅሬታ ሳይሆን እንደ ተራ ወሬ ነበር።

ለመመዝገብ የሚያስብ ተማሪ የሥራ ልምድ ከፈለገ ይመዝገብ፤ በክፍል ውስጥ የማይገኝ የወጪ ስሌት ትምህርት እዚያ አለ። የምስክር ወረቀቱን ብሎ የሚመዘገብ ግን ይታገሥ፣ የእኔ ገና አልደረሰኝም። አማካሪ የሚመደብላት ባለሙያ ደግሞ ከመስማማቷ በፊት ሁለት ነገር ብትጠይቅ ጥሩ ነው፦ ከቡድኑ ውስጥ ቋንቋዋን የሚችል ሰው መኖሩንና፣ የሚጻፈው ሒሳብ አንድ ቅጂ እርሷ ቤት የሚቀር መሆኑን።